ያገለገለ የአቶሚክ ሰዓት ለቤት ቤተ ሙከራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሞባይል ስልክ ማሰራጫ ጣቢያዎችና ከመለኪያ ተቋማት የተነሱ የአቶሚክ ሰዓቶች ወደ ግለሰቦች ጠረጴዛ መድረስ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱን ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው። የምመልሰው በውስጣቸው ባለው ብረት ስም ሩቢዲየምና ሲዚየም የሚባሉትን የአቶሚክ ሰዓቶች በቤቴ አስቀምጬ፣ አንዳንዶቹን አድኜ፣ አንዳንዶቹንም አጥቼ ባየሁት መጠን ነው።

የአቶሚክ ሰዓት ሲባል ሰዓት ያሳያል?

አብዛኛው አያሳይም። መርፌም ሆነ ቁጥር የሌለው ሣጥን ነው፤ ሥራው በአንድ ማገናኛ በኩል 10 ሜጋኸርዝ፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ 5 ሜጋኸርዝ የሆነ ሞገድ ማውጣት ነው። ስለዚህ የድግግሞሽ መመዘኛ ብንለው ይበልጥ ይስማማዋል። ለድግግሞሽ ቆጣሪና ለሲግናል ጀነሬተር የሚዛን ድንጋይ ማለት ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ልካቸውን የሚወስዱት ከእርሱ ነው።

ከመጀመሪያው መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከሣጥኑ የሚወጣው ሞገድ በቀጥታ ከአቶም የመጣ አይደለም። የሚመታው ኳርትዝ የተባለ በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ነው፤ አቶሙ ዳኛው ነው። ኳርትዙ ከልኩ ሲያፈነግጥ አቶሙ ያጋልጠዋል፣ ኤሌክትሮኒክሱም ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

በእርግጥ ያስፈልገኛል?

መልሱ የሚወሰነው በሚለኩት ነገርና በሚለኩበት የጊዜ ርዝመት ነው። አንድ የራዲዮ አማተር በ10 ጊጋኸርዝ ይሠራል እንበል። ኳርትዙ ከሚሊዮን አንድ ቢሳሳት የድግግሞሽ ስህተቱ 10 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ የሚፈልገውን ደካማ ምልክት ጭራሽ ላያገኘው ይችላል። ከቢሊዮን አንድ የሚሳሳት ሩቢዲየም ይዞ ከሆነ ግን ስህተቱ 10 ኸርዝ ብቻ ነው። የድግግሞሽ ቆጣሪን ለማረም፣ የኦሲሌተሮችን (እንደ ኳርትዝ ያሉ ሞገድ አመንጪዎችን) እርጅና ለመከታተል ወይም ጂፒኤስ በሌለበት ጊዜን ለመያዝም ያው ሣጥን ያገለግላል።

ነገር ግን ሰማይን ያለ ግርዶሽ የሚያይ አንቴና መትከል የሚችሉ ከሆነ፣ በጂፒኤስ የሚታረም ጥሩ ኳርትዝ አስቀድመው ቢገዙ ይሻላል እላለሁ። እንደ ትሪምብል ተንደርቦልትና ኤችፒ ዜድ3801ኤ ያሉ ያገለገሉ መሣሪያዎች በረጅም ጊዜ አማካይ ከየትኛውም ሩቢዲየም ይበልጣሉ፤ ከኋላቸው የሳተላይቶቹና የምድር ጣቢያዎቹ የአቶሚክ ሰዓቶች በሙሉ አሉና። የሩቢዲየም ብልጫ የሚታየው ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ባለው የጊዜ ርዝመት ነው። የጂፒኤስ መቀበያ በየሰከንዱ የሚያወጣው ምት በአሥር ናኖሰከንዶች (የሰከንድ ቢሊዮንኛዎች) ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሩቢዲየም ግን በዚያ መካከል ጸጥ ብሎ ይጓዛል። ሁለቱ የሚደጋገፉት ስለዚህ ነው።

ሩቢዲየም ይሻለኛል ወይስ ሲዚየም?

ከአሥር ጠያቂ ለዘጠኙ ሩቢዲየም።

በሩቢዲየሙ ሣጥን ውስጥ ትንሽ የሩቢዲየም አምፖል አለች። ብርሃኗ ሩቢዲየም-85 በያዘ ማጣሪያ ውስጥ አልፎ ሩቢዲየም-87 እና ሌላ ጋዝ ወደታሸጉበት የመስታወት ብልቃጥ ይገባል። ከኳርትዙ ተባዝቶ የመጣው ማይክሮዌቭ 6.8347 ጊጋኸርዝ ገደማ ላይ ካለው የአቶሙ ድግግሞሽ ጋር በትክክል ሲገጥም፣ ከብልቃጡ በስተጀርባ ወዳለው የብርሃን ዳሳሽ የሚደርሰው ብርሃን በጥቂቱ ይደበዝዛል። መላው መሣሪያ የቆመው ያቺን ትንሽ ድብዘዛ በመከታተል ላይ ነው። ችግሩ፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ረዳት ጋዝ አቶሞቹን እየገፋ ድግግሞሻቸውን ከተፈጥሯቸው ያናውጣል፣ የአምፖሏ ብርሃንም እንዲሁ። ስለዚህ ሩቢዲየም ከሌላ መመዘኛ ጋር ተነጻጽሮ ካልታረመ እውነተኛውን ልክ ሊነግረን አይችልም። በተጨማሪም በዝግታ ያረጃል፤ በወር ከ20 ቢሊዮን አንድ ያህል መንሸራተት በአምራቾች ዝርዝር ላይ የተለመደ ቁጥር ነው።

ሲዚየም ሌላ ነገር ነው። አቶሞቹ በባዶ ቱቦ ውስጥ እንደ ጅረት ይፈስሳሉ፤ የሚጋፋቸው ጋዝ የለም። የሰከንድ ትርጉም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሲዚየም-133 ላይ የተመሠረተ ነው፤ 9,192,631,770 ንዝረት አንድ ሰከንድ ነው። ስለዚህ በደህና የሚሠራ የሲዚየም ሰዓት ማንንም ሳይጠይቅ ልኩን ያውቃል። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው 5071ኤ ትክክለኛነቱ ከትሪሊዮን አንድ ነው፤ የተሻሻለው ቱቦ ሲገጠምለት ደግሞ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቱቦው ግን እየነደደ እንደሚያልቅ ሻማ ነው። ሲያልቅ አዲስ ቱቦ ማስገባት ያገለገለውን መሣሪያ ከገዙበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ያገለገለ ሲዚየም ሲገዙ የሚከፍሉት ለቀሪው ዕድሜ እንጂ ለስሙ መሆን የለበትም።

በዝርዝሩ ላይ "ትክክለኛነት" እና "መረጋጋት" የሚሉ የተለያዩ ቁጥሮች አሉ። የትኛውን ልመልከት?

ትክክለኛነት ከእውነተኛው ልክ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል፤ መረጋጋት ደግሞ ባለበት ቦታ ምን ያህል እንደጸና። ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን የሚሳሳት ሰዓት ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ይታረማል፤ በየሰዓቱ የሚዋዥቅ ግን በምንም አይታረምም።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ሰከንድ ርዝመት ሲለካ በሙቀት ምድጃ ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ኳርትዝ ከብዙ የአቶሚክ ሰዓቶች የበለጠ የረጋ ነው። የኤችፒ 10811 ኳርትዝ በአንድ ሰከንድ ከ200 ቢሊዮን አንድ ወይም ከዚያ የተሻለ መረጋጋት አለው። ለፒአርኤስ10 ሩቢዲየም የተሰጠው ቁጥር ከ50 ቢሊዮን አንድ ነው። ውድ የሆነው 5071ኤ እንኳ በመደበኛ ቱቦው በአንድ ሰከንድ ከ80 ቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። ቀንና ሳምንት ሲቆጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኳርትዙ መንገዱን ሲስት አቶሙ ባለበት ይቆያል።

ስለዚህ ለንጹህ የራዲዮ ምልክት ብለው ሩቢዲየም ከገዙ ሊያዝኑ ይችላሉ። ርካሾቹ ሩቢዲየሞች ከሞገዱ ጎን የሚታዩ ትናንሽ አላስፈላጊ ምልክቶች አሏቸው። መፍትሔው ጥሩ ኳርትዝን በዝግታ ከሩቢዲየሙ ጋር ማቆራኘት ነው። ያን ጊዜ የአንዱን ንጽሕና ከሌላው ጽናት ጋር ያገኛሉ።

በገበያ ላይ ካሉት ሩቢዲየሞች የትኛውን ይመክራሉ?

ለጀማሪ ኤልፒአርኦ-101ን እመርጣለሁ። በ24 ቮልት ይሠራል፣ 10 ሜጋኸርዝ ያወጣል፤ ከሁሉም በላይ የአምፖሉን ቮልቴጅና የኳርትዙን መቆጣጠሪያ ቮልቴጅ በውጭ ማገናኛው በኩል ማንበብ ያስችላል። ጤንነቱን ክዳኑን ሳይከፍቱ ማወቅ መቻል ለገዢ ትልቅ ነገር ነው። አምራቹ እንደሚለው የአምፖሉ ቮልቴጅ ከ3 ቮልት በታች መውረድ የአምፖሉን መድከም ያመለክታል።

ኤፍኢ-5680ኤ በብዛት ይገኛል፤ በ15 ቮልት ይሠራል፤ አንዳንዶቹ ተጨማሪ 5 ቮልት ይፈልጋሉ። አደጋው በስሙ ላይ ነው። በዚሁ አንድ ስም ለተለያዩ ደንበኞች የተሠሩ ብዙ ዓይነቶች አሉ። አንዱ 10 ሜጋኸርዝ ያወጣል፣ ሌላው በየሰከንዱ አንድ ምት ብቻ፤ አንዱ በኮምፒውተር ገመድ ይስተካከላል፣ ሌላው አይስተካከልም። ከመግዛትዎ በፊት የምን ድግግሞሽ እንደሚያወጣና የማገናኛው እግሮች አደራደር እንዴት እንደሆነ ለዚያው ሣጥን ያረጋግጡ፤ የሌላውን ንድፍ ተከትለው ኃይል ካገናኙ ሊያቃጥሉት ይችላሉ።

ፒአርኤስ10 ከተገኘ መልካም ዕቃ ነው። የጂፒኤስ መቀበያን የሰከንድ ምት በቀጥታ ተቀብሎ ራሱን ያርማል፣ ሁኔታውንም በኮምፒውተር በኩል በዝርዝር ይናገራል።

ሻጩን ምን ልጠይቅ?

"ተፈትሿል" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። እኔ በዚህ ቃል ተማምኜ የገዛሁት አንድ ሣጥን ሲበራ 10 ሜጋኸርዝ ያወጣ ነበር፤ ሻጩም የፈተሸው ይህንኑ ነበር። አልዋሸኝም። ነገር ግን አምፖሉ ሞቶ ስለነበር ሣጥኑ የሚያወጣው ያልታረመ የኳርትዝ ሞገድ ነበር። ዳኛው የለም፣ ኳርትዙ ብቻውን ይመታል። ኳርትዙ በአቶሙ ልክ ሲያዝ "ተቆለፈ" ይባላል። ስለዚህ የሚጠየቀው "ሞገድ ያወጣል ወይ?" ሳይሆን "ይቆለፋል ወይ? ከበራ በስንት ደቂቃ? ተቆልፎስ ስንት ሰዓት ቆየ?" ነው። ጤነኛ ሩቢዲየም በተራ የክፍል ሙቀት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቆለፉን በምልክት እግሩ ላይ ያሳያል። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅበት ወይም ተቆልፎ የሚለቅቅ ከሆነ ይለፉት።

ከየት እንደተነሳም ይጠይቁ። ከማሰራጫ ጣቢያ የወጣ ሣጥን ለዓመታት ሳይጠፋ በሙቀት ውስጥ የሠራ ሊሆን ይችላል። ከመጋዘን መለዋወጫ የመጣ ግን አሮጌ ቢመስልም ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠራ ሊሆን ይችላል። በጀርባው ያለው የምርት ቀን ዕድሜውን እንጂ አገልግሎቱን አይናገርም። ገመዱና ማገናኛው አብሮ እንዲመጣ ይለምኑ፤ አንዳንዶቹ ማገናኛዎች በቀላሉ አይገኙም።

የገዛሁት ሩቢዲየም አይቆለፍም። ከእንግዲህ አይሠራም ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፤ በዚህ ላይ ተስፋ አትቁረጡ እላለሁ። ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የኳርትዙ እርጅና ነው። ሣጥኑ ሲበራ ኳርትዙ የአቶሙን ድግግሞሽ ፍለጋ ወደ ላይና ወደ ታች ይጠርጋል። ኳርትዙ በዓመታት ብዛት ከቦታው ርቆ ከሄደ ጥረጋው አቶሙ ካለበት አይደርስም። ይህ ሲሆን የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ይታያል። በውስጡ ያለችውን ማስተካከያ በጥንቃቄ በጥቂቱ ማዞር ብዙ ሣጥኖችን መልሶ አስነስቷል።

ሁለተኛው አምፖሉ ነው። በውስጡ ያለው ሩቢዲየም ከአንድ ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት ተጉዞ በማይገባው የመስታወቱ ክፍል ላይ ይለጠፋል፤ ብርሃኑንም ይጋርዳል። አምፖሉን አውጥተው በሙቅ አየር መተኮሻ ቀስ ብለው በማሞቅ ብረቱን ወደ ቦታው የመለሱ አሉ። እኔም በአንዱ ላይ ተሳክቶልኛል። መስታወቱን በድንገት አያሙቁት፣ በባዶ ጣትም አይንኩት፤ መነጽር ያድርጉ። የተሰነጠቀ አምፖል ግን አይድንም።

ያገለገለ ሲዚየም ስመለከት የቱን ልይ?

በኤችፒ 5061ኤ ፊት ላይ ባለ መርፌ መለኪያና መምረጫ አለ፤ ሻጩ እያንዳንዱን ቦታ እያዞረ ፎቶ ያንሳልዎት። ሦስቱ ከሌሎቹ ይበልጣሉ። የአዮን ፓምፑ (ከቱቦው ጋዝ የሚያስወግደው ክፍል) ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ከሆነ በቱቦው ውስጥ ያለው ባዶነት ተበላሽቷል ማለት ነው። የአቶሞቹ ጅረት ንባብ ዝቅ ካለ ወይ ሲዚየሙ እያለቀ ነው፣ ወይ ደካማውን የአቶሞች ምልክት የሚያጎላው የኤሌክትሮን ማባዣ ደክሟል። ማባዣው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ንባቡ አሁንም ደካማ ከሆነ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ነው። ሦስተኛው "ሁለተኛ ሃርሞኒክ" የሚባለው ንባብ ነው፤ መሣሪያው የአቶሙን ድግግሞሽ በእርግጥ ማግኘቱን የሚመሰክረው እርሱ ነው።

ለዓመታት ሳይበራ የተቀመጠ ቱቦ በውስጡ ጋዝ ያጠራቅማል። እንዲህ ያለውን እንደደረሰ ሙሉ በሙሉ ማብራት አይገባም፤ መጀመሪያ አዮን ፓምፑ ብቻውን ይሥራ፣ ኤሌክትሪኩ እስኪወርድ ሰዓታት ወይም ቀናት ይጠበቅ። ብዙ ቱቦ የሞተው በዚህ ትዕግሥት ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

በማጓጓዝ በኩል ደግሞ ሲዚየም ከውሃ ጋር በኃይል የሚዋጋ ብረት ስለሆነ በአደገኛ ዕቃነት ይመዘገባል። ሻጩ ይህን ካላወቀ ዕቃው መንገድ ላይ ሊታገድ ይችላል።

ጨረር አለው? ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አደጋ ነው?

የለውም። በሰዓት ውስጥ ያለው ሲዚየም-133 የተረጋጋ ነው፤ በኑክሌር አደጋ ስሙ ከሚነሳው ሲዚየም-137 ጋር ስም እንጂ ጠባይ አይጋራም። ሩቢዲየም-87 በእርግጥ ይፈራርሳል፣ ግን የግማሽ ዕድሜው ወደ 49 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ መጠኑም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እውነተኛው አደጋ በሲዚየም ሣጥን ውስጥ ያለው የሺዎች ቮልት የኃይል ክፍል ነው። ክዳኑን የሚከፍት ሰው እርሱን ይፍራ።

ኃይልና ሙቀት እንዴት ይሁን?

ሲበራ ብዙ ይጠጣል፣ ከሞቀ በኋላ ይቀንሳል። ኤልፒአርኦ-101 በ24 ቮልት ሲጀምር እስከ 1.7 አምፒር ይወስዳል፣ ኋላ ወደ ግማሽ አምፒር ይወርዳል። ኤፍኢ-5680ኤ በ15 ቮልት ሲጀምር 1.8 አምፒር ገደማ ነው። የኃይል ምንጩ ይህን ሳይንገዳገድ መስጠት አለበት። የኃይል ምንጩ ጫጫታ በሞገዱ ላይ ስለሚታይ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ዓይነት አይጠቀሙ።

ሣጥኑን ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማብራት ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። ታችኛው ሳህኑ ሙቀቱን ወደ ወፍራም አሉሚኒየም እንዲያስተላልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያለዚያ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በፍጥነት ያረጃሉ። በተቃራኒው ኃይለኛ ማራገቢያ በቀጥታ ቢነፋበት ሙቀቱ ሲዋዥቅ ድግግሞሹም ይዋዥቃል። የሚፈለገው ብዙ ቅዝቃዜ ሳይሆን የማይለዋወጥ ሙቀት ነው። ከትላልቅ ትራንስፎርመሮችም ያርቁት፤ መግነጢስ የአቶሙን ድግግሞሽ ይገፋል።

ትክክለኛነቱን በቤት እንዴት ላረጋግጥ?

ውድ መሣሪያ ሳይኖር መጀመር ይቻላል። በጂፒኤስ የሚታረመውን 10 ሜጋኸርዝ የኦሲሎስኮፑ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) ማስነሻ ያድርጉት፣ የሩቢዲየሙን ሞገድ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ይመልከቱ። ሞገዱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። የአንድ ሞገድ ርዝመት 100 ናኖሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ሞገድ ለመንሸራተት 1,000 ሰከንድ ከፈጀ ልዩነቱ ከ10 ቢሊዮን አንድ ነው፤ 10,000 ሰከንድ ከፈጀ ከ100 ቢሊዮን አንድ። ከዚያ በማስተካከያው በኩል መንሸራተቱን እስኪያቆም ያርሙት። ያገለገሉ ሩቢዲየሞች ወደ ልካቸው የሚመለሱት በዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ተቀምጬ ሞገዱ ቀጥ ሲል ያየሁበትን ሰዓት አልረሳውም።

ለበለጠ ጥራት የጊዜ ልዩነት ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ ሙሉ ቀን መጠበቅም ግድ ነው። በጂፒኤሱ ምት ላይ 20 ናኖሰከንድ ጥርጣሬ ቢኖር በ86,400 ሰከንድ ሲካፈል ከ4 ትሪሊዮን አንድ ገደማ ይሆናል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ጥራት የሚሻ ግን አያገኘውም።

ሁልጊዜ ይብራ ወይስ ስፈልግ ብቻ?

ሩቢዲየም ሲጠፋና ሲበራ በትክክል ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ከ20 ቢሊዮን አንድ ያህል መሳት የተለመደ ነው። ይህ ለሥራዎ በቂ ከሆነ በሚፈልጉበት ቀን ብቻ ያብሩት፣ አምፖሉንም ያድኑታል። እርጅናውን የሚከታተል ሰው ግን አያጥፋው። ሲዚየምን እኔ የማበራው ለንጽጽር ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

የክብሪት ሣጥን የሚያህሉትስ አዳዲስ የአቶሚክ ሰዓቶች?

እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ የቀረበው ኤስኤ.45ኤስ 35 ግራም ይመዝናል፣ ኃይሉም ከ120 ሚሊዋት አይበልጥም። ድንቅ ሥራ ነው። በአንድ ሰከንድ ያለው መረጋጋት ግን ከ4 ቢሊዮን አንድ ገደማ ነው፤ ከአሮጌው ሩቢዲየም በብዙ ያንሳል። ሣጥኑን በባትሪ ተሸክመው የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ትንሽነቱ ምንም አይጨምርልዎትም።

በእነዚህ መሣሪያዎች ግለሰብ ቁም ነገር ያለው ሳይንስ መሥራት ይችላል?

ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃፌሌና ኪቲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አራት የሲዚየም ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን በመዞር የአንስታይንን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ፈተሹ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አንድ አሜሪካዊ የሰዓት ወዳድ ከልጆቹ ጋር ሦስት ሲዚየሞችን በመኪና ጭኖ ወደ ሬኒየር ተራራ ወጣ። ቤተሰቡ ከቤቱ 1,340 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ሁለት ሌሊት አድሮ ሲመለስ፣ ሰዓቶቹ ቤት ከቀሩት በ20 ናኖሰከንድ ገደማ ቀድመው ተገኙ። በየሜትሩ ከፍታ ሰዓት የሚፈጥነው ከ10 ሺህ ትሪሊዮን አንድ ያህል ስለሆነ ስሌቱም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ለዚህ ሥራ ሩቢዲየም አይበቃም፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያሳየው የራሱ መንሸራተት ከሚለካው ነገር ይበልጣል። ሲዚየም የሚመረጥበት ሥራ ይህን የመሰለው ነው፤ ያውም ቱቦው ጤነኛ ሆኖ፣ ቤት የሚቀርም ሌላ ሲዚየም ኖሮ።